በጠጋኙ እርምጃ

ሰው ሁሉ ጠጋኙ ይለዋል። ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው የአርባ አንድ ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ጉድጓድ ሲደፍን ኖሯል። ሥሩን በትልልቅ ድንጋይ ይሞላል፤ ላዩን ጠጠርና አፈር አልብሶ ከዳር ወደ መሐል ይጠቀጥቃል። ዝናብ እንዳያቁር መሐሉን እንደ ኤሊ ጀርባ ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። አለቆቹ ይህን አይተውለት አያውቁም። እሱም እዩልኝ ብሎ አያውቅም።

ጦርነቱ ሲመጣ ጫካ የገቡት ሰዎች ጉድጓዶቹን ወደዷቸው። ማንም በሌለበት ፈንጂ ይቀብሩና ላዩን ጥገና አስመስለው ያስተካክሉታል። ፈንጂው ከፕላስቲክ ጀሪካንና ከጣውላ ስለሚሠራ የሠራዊቱ መፈለጊያ መሣሪያ አያገኘውም፤ የዛገ ምስማርና የቆርቆሮ ክዳን ባገኘ ቁጥር ግን ይጮኻል። ሦስት መኪና ከተቃጠለ በኋላ ኮሎኔሉ ጠጋኙን አስጠራው።

«የራስህን ሥራ ከሌላው ሰው ትለያለህ ይላሉ።»

«እንዴት አልለይም? የቸኮለ ሰው ደልድሎ ነው የሚሄደው። የኔ ጎበጥ ይላል።»

«እንግዲያው ከፊት ትሄዳለህ።»

ጠጋኙ እሺ ያለው ለኮሎኔሉ ብሎ አይደለም። ሚስቱ ወዲያኛው ከተማ ሆስፒታል ሆዷን ቀዶ ሕክምና በተደረገላት በሁለተኛው ቀን መንገዱ ተዘግቶ እዚያው ቀርታለች። ኮሎኔሉ፣ ሐኪሞቹ ሲለቋት በወታደር መኪና አሳፍሮ ሊያመጣለት ቃል ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ታንክና ሠላሳ ስምንት የጭነት መኪና፣ ሄሊኮፕተር ከላይ እያንዣበበላቸው፣ የአንድ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው እግር እየተከተሉ ይጓዙ ጀመር። ጉልበቱን ሲያመው ሰልፉ በሙሉ ያርፋል። ሽንቱን ሊሸና ዞር ሲል ያ ሁሉ ሞተር ቆሞ ይጠብቀዋል። የፊተኛው ታንክ ሹፌር ቀልደኛ ነበር።

«አባባ፣ ትንሽ ሞቅ ያድርጉት እንጂ! አሁን አንዲት ቀንድ አውጣ ጥላን ሄደች።»

«አንተ ና ከፊት፤ እኔ ልንዳልህ።»

«ኧረ እኔስ ከኋላዎ ተመችቶኛል!»

ሁለት ጊዜ በሰላም ደርሰው ተመለሱ። ሁለቱንም ጊዜ የሚስቱ ቁስል አመርቅዞ ስለነበር ጠጋኙ ባዶ እጁን መጣ። በሦስተኛው ጉዞ ዋዜማ ከሠራዊቱ ሬዲዮ ሠራተኛ መልእክት ደረሰው። ቁስሏ ደርቋል፤ አልጋውን ለሌላ በሽተኛ ልቀቂ ተብላለች፤ ናና ውሰደኝ ብላለች።

በዚያው ሰሞን ኮሎኔሉ ከበላይ ቁጣ ደርሶት ነበር። አርባ አንድ ኪሎ ሜትር እንዴት ሁለት ቀን ይፈጃል? እሱም መላ ዘየደ፤ ፈንጂ የሚቀበረው ጉድጓድ ውስጥ ከሆነ ጉድጓዱን ሁሉ መድፈን ነው። ግሬደርና መቶ ሃያ ወታደር አሰማርቶ የመንገዱን ግማሽ በአራት ቀን አስደፈነ። ሲመሽ መንገዱን ያለ ጠባቂ ትተው ሁሉም ወደ ካምፕ ይገቡ ነበር። ጠጋኙን ያማከረው የለም።

በጉዞው ጠዋት ጠጋኙ ከከተማው ወጣ እንዳለ ቆመ።

«ምን ይገትርሃል?» አለ ኮሎኔሉ ከመኪናው ወርዶ።

«ይሄን የሠራሁት እኔ አይደለሁም።»

«እኛ ነን! ላንተም እንዲቀልህ ብለን።»

«ያኛውንስ?»

«እሱንም እኛ።»

«ከዛፉ ሥር ያለውንስ?»

ኮሎኔሉ ወደ መቶ አለቃው ዞረ። መቶ አለቃው ወደ አሥር አለቃው ዞረ። አሥር አለቃው መሬት መሬት አየ።

«ስንት ደፈናችሁ?»

«ማን ቆጠረ!»

«ኮሎኔል፣ ሁሉም ድልድል ነው፤ ሁሉም አዲስ ነው። እኔ እንግዲህ እንደ ማንኛውም ሰው ነኝ።»

ዘንግ ይዞ እያንዳንዱን ጥገና በቀስታ ይወጋ ጀመር። እስከ እኩለ ቀን ሰባት መቶ ሜትር ሄዱ። ኮሎኔሉ ትዕግሥቱ አለቀና ፊተኛውን ታንክ በዳር እለፍ አለው። ታንኩ ሃያ ሜትር ሳይሄድ ፈንጂ ፈነዳበትና ሰንሰለቱ ተበጥሶ ወደ ጎን ተወረወረ። ሹፌሩ በሕይወት ወጣ፤ ጆሮው ግን አልሰማም አለ። ሲናገሩት «ምን አላችሁ?» እያለ ይጮኻል። ቀልዱን ነው እውነቱን ለመለየት ጊዜ ፈጀባቸው።

ሰልፉ እንዲመለስ ታዘዘ።

«በሁለት ሳምንት ሌላ ግሬደር ይመጣልናል» አለ ኮሎኔሉ።

ጠጋኙ የሰጡትን የጥይት መከላከያ ሰደርያ አውልቆ አጥፎ መኪናው ላይ አኖረው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ባለቤቴ።»

«በየት በኩል?»

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ማሳውን አቋርጠው ሲሄዱ በአገጩ አሳየው።

«ይገድሉሃል።»

«ይገድሉኝ ይሆናል። ለኔ ግን ፈንጂ አያባክኑም።»

ያገኘው አንድ ታጣቂ ብቻ ነው፤ ምንጭ ዳር እግሩን እየታጠበ።

«ከፊታቸው የምትሄደው አንተ አይደለህ?»

«ነኝ።»

«ዛሬስ?»

«ሚስቴን ላመጣ።»

«ነገስ?»

ጠጋኙ ለመዋሸት ደከመው። «ነገ ጉድጓድ ካገኘሁ እደፍናለሁ። ሌላ ሥራ አላውቅም።»

ታጣቂው ትክ ብሎ አየው። ፈንጂ የሚፈልግበትን ዘንግ ተቀብሎት «ሂድ» አለው።

በማግስቱ ከሰዓት ሆስፒታሉ ደጃፍ ሲደርስ ሚስቱ ልብሷን በፌስታል ይዛ ግንቡን ተደግፋ ቆማ ነበር። አልጋውን ከለቀቀች አንድ ቀን አልፏታል።

«መኪናው የታለ?»

«የለም።»

«ታንኩስ?»

«እሱም የለ።»

«አዬ አንተ ሰውዬ! ታዲያ ምን ይዘህ መጣህ?»

«እግሬን።»

ከት ብላ ልትስቅ አለችና ሆዷን ያዘች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ሳይሆን እሱን አየች።

«በእግር ስንት ነው?»

«በአቋራጭ ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር። በቀን ስድስት ስድስት ብንሄድ…»

«ስድስት አልችልም።»

«አራት።»

«ሦስት በል።»

ፌስታሉን ተቀበላትና ክንዱን ሰጣት። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ተኩል ሄዱ።