ካርዱ ላይ ያልደረሰው

ባለቤቴ ማላካይ በደሴታችን፣ በኔያፉ ወደብ፣ ለዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ትንሽ ሣጥን ይሠራል። ሣጥኑ ጀልባው ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ይቀበላል፤ ውስጡ ያለችው ቺፕ ሚሞሪ ካርድ ላይ ትጽፈዋለች። የሚሠራው ታሮ የምንለውን ሥራሥር በምልጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

"ቺፗ ጉልበተኛ ናት፤ ካርዱ ሦስት ቮልት ብቻ የሚችል ጨዋ። መሃላቸው ሽማግሌ ካላስቀመጥሽ ታቃጥለዋለች" ይለኛል። ሽማግሌው ኃይሉን የምታበርድ፣ ጥፍር የምታክል ዕቃ ናት።

ልጃችን ፎላው የሚነዳው ጀልባ የማላካይ ታላቅ እህት የካሎላይኔ ነበር። አንድ ቅዳሜ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ማላካይ፣ ይሄ ሣጥንህ ባትሪ ይበላል። አስተካክለው።"

"እሺ እትዬ።"

እኛ ዘንድ ወንድም እህቱን እምቢ አይልም፤ ለምን ብሎም አይጠይቃትም።

ባትሪውን የሚጨርሰው ካርዱ ላይ መጻፉ ነው። ስለዚህ ቺፗ ቦታዎቹን ራሷ ጋ አቆይታ፣ ሲሞላባት ብቻ በአንዴ እንድትጽፍ አደረጋት። ከጨረሰም በኋላ ከጠረጴዛው አልተነሣም።

"ኃይል ድንገት ከተቋረጠ ቺፗ የያዘችው ይጠፋል" አለ። "የመጨረሻው አንድ ሰዓት ካርዱ ላይ አይኖርም።"

"ታዲያ ለአክስቴ ንገራታ!" አለ ፎላው እየሳቀ።

"ወንድ ከሆንክ አንተ ንገራት።"

"ጀልባዋን ልትነጥቀኝ? ደግሞስ አባ፣ የኔን የመጨረሻ ሰዓት ምን ታደርግበታለህ?"

ማላካይ አልሳቀም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ዋልን፤ በእሑድ ሥራ አይነካም። ሰኞ ፎላው ሲወጣ ባሕሩ ዘይት መስሎ ተኝቷል። ወፎቹ ግን ወደ የብስ እየተመለሱ ነበር።

በማግስቱ ጀልባውን ተገልብጦ አገኙት። ፎላው አልነበረም። የሣጥኑ የኃይል ሽቦ ተበጥሷል። ፈላጊዎቹ ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፦ የተገለበጠው ከውጪኛው ደሴት በስተሰሜን ነው ወይስ በስተደቡብ? የባሕሩ ፍሰት እዚያ ጋ ለሁለት ይከፈላል፤ የወደቀ ሰው ወዴት እንደተወሰደ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ማላካይ ካርዱን ኮምፒውተር ውስጥ ከተተው። የጀልባው ጉዞ መስመር ደሴቱ ጋ ሳይደርስ አለቀ።

"ወዴት ይላል?" አለች ካሎላይኔ ከበሩ።

ቀና ብሎ አላያትም። "ባትሪው ደህና ነበር እትዬ። ገና ብዙ ቀርቶት ነበር።"

ሰሜኑን ፈለጉ። ወደ ደቡብ ሲዞሩ መሽቶ ነበር። ልጄን አልቀበርኩም።

ባለፈው ሳምንት ካሎላይኔ እዚያው በር ላይ ቆማ ለአዲሱ ጀልባዋ ሣጥን ጠየቀች፤ ባትሪ የማይበላውን።

"እሺ እትዬ" አላት።

ባትሪ የሚበላውን ሠራላት።