መርፌ የሌላት ሐኪም

ባሌ ሷሊሕ የማሾ ነጋዴ ነው። ሸዋ ሮቢት ገበያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲመዝን ስለኖረ የማያውቀው ነገር የለም። ስለ ዝናብ ያውቃል፣ ስለ መንግሥት ያውቃል፣ ስለ ሰው በሽታማ አትጠይቁት።

ሁለት ዓመት ሆነው፣ ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። ሌላው ሌላው ይቅር፣ ሱጁድ አቃተው። መስጂድ ውስጥ ከሶፉ፣ ከሰጋጆቹ ረድፍ፣ ዳር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል። አንድ ጁምዓ ሲመለስ፣ "ሐምዲያ፣ ግንባሬን መሬት ሳላስነካ ልሞት ነው" አለኝ። አንጀቴን በላው። ቢያናድደኝም ባሌ ነው።

ከዚያ ሕክምናው ተጀመረ። ሕክምና ስላችሁ ሐኪም ቤት እንዳይመስላችሁ! ካራቆሬ ያለ ወጌሻ ሳምንት ሙሉ ሲያሸው ጮኸ፤ ስለጮኸም ደስ አለው። ጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠጣ፣ ተቀባ፣ አንሶላዬን አበላሸ። የግመል ስብ አስመጣ፤ ቤታችን ወር ሙሉ እንግዳ ዝር አላለበትም። የሆነ ቦታ መርፌ ተወጋና ትንሽ ሻል አለው። ከተማው በሙሉ ስለ መርፌው ሰማ። በአራተኛው ሳምንት ሕመሙ ሲመለስ ግን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በመጨረሻ ጎትቼ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ "ኦፕራሲዮን አያስፈልግዎትም" አለና ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከን። ሌላ ሰው ቢሆን አልሐምዱሊላህ ይላል። የኔው ጉድ ለቢላ እንኳ አልበቃሁም ብሎ አኮረፈ።

ፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ውስጥ ሊድያ የምትባል ወጣት ተቀበለችን። "ጋሼ፣ የመገጣጠሚያዎ ልስልስ አጥንት ሳስቷል። ግን ብዙ ማሻሻል ይቻላል። መጀመሪያ ክብደት መቀነስ አለብዎት" አለችው።

ሷሊሕ ከወንበሩ ሊነሳ ቃጣው። "እኔ ክብደት ልቀንስ? አላህን እፈራለሁ! በሠላሳ ዓመት ከሰው ላይ አንድ ግራም ቀንሼ አላውቅም! ገበያ ወርደሽ ጠይቂ!"

"የማሾውን አይደለም ጋሼ፣ የእርስዎን ነው" አለች ልጅቱ፣ ሆዱን እያየች። ሳቄን ለማፈን ሻሼን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ።

ከዚያ አሳየችው። ወንበር ላይ መቀመጥ፣ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ እስከ አስር መቁጠር፣ ቀስ ብሎ ማውረድ። በቀን ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ።

"መድኃኒቱስ?" አላት።

"መድኃኒቱ ይሄ ነው።"

"መርፌውስ?"

"መርፌ የለም።"

በሩን ሳንወጣ ጀመረ። "መርፌ የሌላት ሐኪም! እግርማ ሕፃንም ያነሳ የለም እንዴ?" እንቅስቃሴውን ጽፋ የሰጠችውን ወረቀት በማግስቱ የማሾ ናሙና ጠቅልሎበት አገኘሁት። አንድ ጠዋት ብቻ በእግሩ ወደ ሱቁ ወጣ። ባጃጅ ሁሉ እየቆመ፣ "ጋሽ ሷሊሕ፣ ምን ነካዎት?" ሲለው አምስተኛው ላይ ተሳፈረ። "ሰው ከሰረ ይለኛል" አለኝ። እሰይ! ጉልበት ይሰበር እንጂ ስም አይሰበር!

የኔም ጉልበት ያመኛል። ማን ጠይቆኝ! እኔው ራሴ እንኳ ጠይቄው አላውቅም። ልጅቱ ለሱ ስታሳየው ግን ዓይኔን አልነቀልኩም ነበር። በየቀኑ ወጥ እስኪበስል ማድ ቤት ወንበር ስቤ አነሳለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ አወርዳለሁ። መጀመሪያ ላይ እንባዬ ይመጣ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ግድግዳ ሳልይዝ ከሱጁድ መነሳት ጀመርኩ።

ሰሞኑን ለአስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት፣ ቆሜ ሳለሁ ሷሊሕ ሳላስበው ከሱቅ መጣ። ሶላቴን ጨርሼ ዞር ስል በሩ ላይ ቆሟል።

"ያለ ድጋፍ ተነሳሽ" አለ።

"ተነሳሁ።"

"አንቺንም ያምሽ ነበር እንዴ?"

"አራት ዓመቴ።"

"ምን አድርገሽ ዳንሽ?"

"ያንተን መድኃኒት ወሰድኩብህ" አልኩት። "አንተ ማሾ ጠቀለልክበት፣ እኔ ዳንኩበት።"

"አራት ዓመት እዚህ ቤት ከኋላዬ ስትሰግጂ፣ አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁሽም" አለ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቀኝ እግሩን ዘረጋ። "ቁጠሪልኝ" አለ።

ቆጠርኩለት። ሰባት ላይ እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አላወረደውም።