እርቅ የመሰለኝ ስምምነት

ልጄ እንግሊዝኛ ልታስተምር ቻይና ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነው። ኖርዝ ዮርክ ያለው ቤታችን ውስጥ ሻንጣዋን እየዘጋች፣ "እማ፣ በስልክ ስለ ቤተ ክርስቲያን እንዳታነሺብኝ። ፕሮሚስ አድርጊልኝ" አለችኝ። እዚያ ካቶሊክ ካህን መንግሥት ዘንድ ካልተመዘገበ መቀደስ አይፈቀድለትም። እሷ ደግሞ ልትሄድ ያሰበችው ያልተመዘገቡ አንድ አዛውንት ካህን ዘንድ ነበር፤ በሰው ሳሎን ነው የሚቀድሱት። እሷን ቢበዛ ከአገር ያስወጧታል። የፈራችው ለካህኑና ለቤቱ ባለቤቶች ነው።

ቃሌን ጠበቅሁ። እሑድ ጠዋት ስትደውል ስለ ጉንፋን፣ ስለ ተማሪዎቿ እናወራለን። የልቤን ሳልጠይቃት ስልኩ ይዘጋል፤ ቤቱም ጭር ይላል።

አንድ ቀን ካህናችን ከቅዳሴ በኋላ ቫቲካንና የቻይና መንግሥት በጳጳሳት ሹመት ላይ የነበራቸውን ስምምነት እንዳደሱ ተናገሩ። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ እንግሊዝኛዬም አጭር ነው። መስማማታቸውን ግን ሰማሁ። እኔ ባደግሁበት አገር ሽማግሌ ገብቶ ሁለት ሰዎች ይቅር ከተባባሉና አብረው ከበሉ፣ ዘመድ አዝማዱም አብሮ ታረቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠየቅም። ሳምንቱን ሙሉ ደስታዬን ይዤ ቆየሁ።

እሑድ ስትደውል አላስችል አለኝ። "እንኳን ደስ አላችሁ! ታዲያ አባ አሁን በግልጽ ሊቀድሱ ነው?"

"እማ፣ ክላስ አለኝ" ብላ ስልኩን ዘጋችው። እዚያ እሑድ ማታ ነበር፤ ክላስ የላትም።

አሥራ አንድ ቀን አልደወለችም። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አልጋ ሳነጥፍ፣ ስልኬን ትራሱ ላይ አስቀምጬ አየው ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለእረፍት ከሄደችበት ከታይላንድ ደወለች።

"ታርቀዋል ብዬ እኮ ነው" አልኳት።

"በጳጳስ ሹመት ላይ ብቻ ነው የተስማሙት እማ። አባን ማንም አላስታረቃቸውም። ህሊናዬ አይፈቅድም ብለው የመንግሥቱ መዝገብ ላይ እስካሁን አልፈረሙም።"

"ምን አደረጓቸው?"

"ምንም። እኔ ግን ከእንግዲህ አልሄድም። ስልኩን ጠልፈው ሰምተውን ከሆነ፣ ተከትለውኝ ቢመጡ ቤቱን የማሳያቸው እኔ ነኝ።" ከዚያ ልታጽናናኝ ብላ ሳቀች። "አንቺን ሽማግሌ ቢልኩሽ እኮ በአንድ ቀን ትጨርሺው ነበር።"

እኔ አልሳቅሁም።

በሚቀጥለው እሑድ ንስሐ ለመግባት ተሰለፍኩ። ከፊቴ ሁለት ሰዎች ሲቀሩ በእንግሊዝኛ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ልጄን ከቅዳሴ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ይህ ኃጢአት ይሁን አይሁን ግን በአማርኛም አላውቀውም። ከሰልፉ ወጥቼ አውቶቡስ ልጠብቅ ሄድኩ።