መለኪያውና የጎረቤቴ ጭስ ማውጫ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ባለው ቤቴ፣ የጎረቤቴ ዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ከጣሪያው በላይ ከፍ እንድታደርገው ስለምናት ዓመታት አልፈዋል። የሷ መልስ አንድ ነው፤ «እትዬ፣ ሳልዎ የእርጅና ነው።» የሰፈሩ እድር፣ የቅሬያችን ሰብሳቢም፣ ያኔ አጥሯን ወደ ግቢዬ ገፍታ ስትሠራ «ለጎረቤት ሲባል ተይው» ያለኝ ሰው፣ አሁን ደግሞ «ማስረጃ አምጪ» አለኝ።

ማስረጃውን ኮምቦልቻ ያለችው ልጄ ገዛችልኝ። በመዳፍ የሚያዝ፣ አየር ላይ ያለውን ብናኝ በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነው። አየሩ ንጹሕ ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲከፋ ቀይ ያበራል። እሷው ቤት ሞከርነው፤ በረንዳው ላይ አረንጓዴ፣ ከሰሉ አጠገብ ቀይ። ሰው ከማመን እሱን ማመን ይሻላል አልኩ።

ደሴ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ማለዳ መስኮቱን ብከፍት ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፤ ቀይ በራ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሰብሳቢውንና ሁለት ሽማግሌዎችን ጠራሁ። ጉሙ ግቢውን ሞልቶት አጥሩ እንኳ አይታይም። መለኪያውን እየተቀባበሉ አዩት። ሰብሳቢው መነጽሩን ወልውሎ ደግሞ አየ።

«ወላሂ፣ ይሄስ ያስፈራል» አለ።

ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠበቅሁት! ጎረቤቴ ተጠርታ መጣች።

«የኔ ጭስ ነው?» አለች። «ምድጃው ተሰንጥቆ ግንበኛ ከገባበት ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሂዱና በእጃችሁ ዳስሱት።»

ሄደው ዳሰሱት። ቀዝቃዛ ነው።

«እትዬ፣ ጉሙንም የጋገርኩት እኔ ነኝ እንዳይሉኝ» አለች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። በገዛ ደጃፌ!

ለልጄ ደወልኩ። «እማዬ፣ ጉም ነበር እንዴ?» አለችኝ። «የጉሙን ጠብታም እኮ እንደ ብናኝ ይቆጥረዋል። መመሪያው ላይ ተጽፏል።» መመሪያውን ግን ቤቷ ስንሞክረው አላነበበችልኝም። እኔም መስኮት ዘግቼ መኖር ስለለመድኩ፣ እነዚያን ቀናት ጭሱ እንዳልሸተተኝ ልብ አላልኩም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ምድጃው ተጠገነ። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ መኝታ ቤቴ ገባ። መለኪያው ከጉሙ ቀን የበለጠ ቁጥር አሳየ። ለሰብሳቢው ደውዬ «አሁን ይምጡና ይዩ» አልኩት።

«ጉም ይሆናል፣ እታለም» አለኝ። አጠገቡ ሰው ሲስቅ ይሰማኛል።

«ፀሐይ ነው እኮ!»

«እንግዲህ ተይው።»

ያኔ አጥሩ ሲገፋ መሬቴን ያስወሰደብኝ ቃል ነው። ስልኩንም መስኮቱንም ዘጋሁ። ጭስ ማውጫው ዛሬም እዚያው ነው። እኔም ቁጥሩን እያየሁ እስላለሁ።