አስካለ «ይስ» ብላ የከለከለችው ጋብቻ

«ጋሼ፣ እማዬ እንዳላገባ ድምፅ ሰጠችብኝ፤ ከእንግዲህ ቤቷን አልረግጥም!»

ዛሬ ከሰዓት ከካሊፎርኒያ ደውሎ እንዲህ ያለኝ የእህቴ የአስካለ ልጅ ብሩክ ነው።

ብሩክ የሚኖረው ከወንድ ጋር ነው። ትናንት እዚያ «ወንድና ወንድ፣ ሴትና ሴት አይጋቡ» የሚል ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ሕጉን አልቀበልም አለች፤ ብሩክና እናቱ የሚኖሩበት የእርሻ አገር ግን ይጽደቅ አለ።

እኔ ነገሩን አልወደውም። የምትጽፍልኝ ልጄ ሄርሜላ «አባዬ፣ ይሄን እንተወው» ትላለች። ኔይ፣ አይተውም፤ ይጻፍ! ብሩክን ግን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት።

ወዲያው ለአስካለ ደወልኩ።

«ምን ብለሽ መረጥሽ?»

«ይስ ነዋ! ልጄ ያግባ ብዬ!»

«አንቺ፣ ይስ ማለት እኮ ይከልከል ማለት ነው!»

ጮኸች፤ «አሁኑኑ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች። እሷም እንደኔ ፊደል አልቆጠረችም።

ለብሩክ ስነግረው አላመነኝም።

«ጋሼ፣ እዚህ ጎረቤቱ ሁሉ እንደዚያ ነው የመረጠው። እሷ በምን ትለያለች?»

«ጎረቤቱን ተወው! እናትህ ወደ አንተ እየመጣች ነው፤ ራሷን ጠይቃት።»

ገና ተናግሬ ሳልጨርስ በሩ ሲንኳኳ እኔም ሰማሁት። ስልኩን ሳይዘጋ ሄዶ ከፈተላት።

እናንተስ፣ «አዎ» ብላችሁ «አይሆንም» የሆነባችሁ ቀን የለም? ጻፉልኝ፤ ሄርሜላ ታነብልኛለች።