ማጣሪያው የዋጣቸው ጫማዎች

የባለቤቴ ታናሽ እህት ኮምፒውተር ላይ የምትሠራውን ሥራ በደንብ አውቀዋለሁ ብዬ አልዋሽም። የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ እንጀራዬም ጫማ መሸጥ ነው። ግን እኔ ምድር ቤት፣ እሷ ፎቅ ላይ ሆነን አንድ ሱቅ ውስጥ ስለምንሠራ ያየሁትንና የገባኝን ያህል ልጻፍ። ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ቢኖር ደስ ባለኝ፤ ግን ስለ እሷ የሚጽፍ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ክፍሏ በብረት ደረጃ የሚወጣበት፣ ግማሹ በባዶ የጫማ ካርቶን የተሞላ ነው። ወንበሯ አንድ እግሩ ስለሚያነክስ የካርቶን ክዳን አጥፋ ከሥሩ ወሽቃለች። እዚያ ተቀምጣ ከንፈሯን እየነከሰች ታነባለች፤ ትንሽ ትጽፋለች፤ የጻፈችውን ታጠፋለች፤ ደግሞ ታነባለች።

ሱቃችን በኢንተርኔት መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ የሠራው ማጣሪያ፣ ማለትም ደንበኛው የሚፈልገውን ጫማ መርጦ የሚያይበት መፈለጊያ፣ ግን ጉድ ነበር። ደንበኛው ጥቁር ጫማ ብሎ ሲመርጥ ጥቁሩ ይመጣለታል። ሐሳቡን ቀይሮ ቡናማ ሲል ባዶ! ሱቃችን በዕድሜው ቡናማ ጫማ አይቶ የማያውቅ ይመስል። ስልክ የማነሣው እኔ ስለሆንኩ ስድቡን የጠጣሁትም እኔው ነኝ።

አሠሪያችን ሲቀጥሯት በግልጽ ነግረዋታል፤ የሙከራ ጊዜዋ ሳያልቅ አዲሱን ማጣሪያ ከከፈተች ትቀጥላለች፤ አለዚያ ሥራው ለሌላ ድርጅት ይሰጣል። ከዚህ በፊት ከሠራችባቸው ቦታዎች «ዘገምተኛ ነሽ» ተብላ ነው የወጣችው። ባለቤቴ በየማታው «ዛሬስ ደረሰች?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

እውነትም ቀርፋፋ ናት። ገንዘብ ተቀባያችን «ዔሊ» የሚል ስም አውጥታላታለች።

«ዔሊ፣ ዛሬም አልደረስሽም?»

«ዔሊ ምን ጎደላት? ቤቷን ተሸክማ ስለምትዞር የቤት ኪራይ አታውቅም» ትላታለች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

አሠሪያችን ደግሞ ተቃራኒዋ ናቸው። በሌሉበት «ቶሎ ቶሎ» እንላቸዋለን። ተረቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፦ ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ።

አንድ ቀን ሻይ ይዤላት ስወጣ፣ የድሮው ማጣሪያ ለምን እንደሚበላሽ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ አንተ ለደንበኛ ጥቁር ጫማ ስታወጣ፣ ሌላውን ቀለም ከመደርደሪያ እያነሣህ መንገድ ላይ ትጥለዋለህ?»

«አበድኩ እንዴ?»

«እሱ ግን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዋናውን ዝርዝር ራሱን እየቆረጠ ነው የሚያሳየው። ሁለተኛ ስትጠይቀው ከየት ያምጣ?»

የእሷ አሠራር ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ ይባላል። እንደገባኝ ከሆነ እያንዳንዱ ትንሽ ኮድ ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ቀለም ያያል፤ አንዱ ቁጥር፤ አንዱ ዋጋ። የተሰጠውን ዝርዝር አይነካም፤ እሱን እንዳለ ትቶ የተመረጡትን በአዲስ ዝርዝር ያወጣል። ከዚያ እነዚህን ትናንሽ ኮዶች እንደ ሰንሰለት ትቀጣጥላቸዋለች። ቀለሙ ቢቀድም፣ ቁጥሩ ቢቀድም፣ የሚወጣው ጫማ ያው አንድ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን አፈታተሿ ነው። መጀመሪያ ሕግ ትጽፋለች። ምንም ካልተመረጠ ሁሉም ዕቃ ይምጣ። ምርጫ ሲጨመር ዕቃው ይነስ ወይም ባለበት ይቆይ እንጂ አይብዛ። የእያንዳንዱ ቁጥር ጫማዎች አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ሱቁን ይሙሉት፤ አንድም ጫማ አይጉደል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ራሱ ማንም የማያስበውን ዕቃ እየፈጠረ ሕጎቹን ለማፍረስ ይታገላል፤ ስሙ የጎደለ ጫማ፣ ዋጋው ዜሮ የሆነ ጫማ፣ ቁጥር የሌለው ጫማ። ሕጉ ከጸና አረንጓዴ፣ ከፈረሰ ቀይ ይበራል። የራሱን ሥራ እንዲህ በጠላት ዓይን የሚያይ ሰው አላጋጠመኝም።

የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቅበት ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አሠሪያችን ደረጃውን እያንቀጫቀጩ ወጡ። እኔም ካርቶን የማወርድ መስዬ ተከተልኳቸው።

«እህስ? ነገ እንደሚከፈት ለደንበኛ ሁሉ ነግሬያለሁ!»

«ጋሽዬ፣ አንድ ሕግ ቀይ ሆኖብኛል።»

ጎንበስ ብለው ራሳቸው ጥቁር መረጡ፤ ጥቁር መጣ። ቡናማ አሉ፤ ቡናማ መጣ። ፊታቸው በራ። «ይኸው ይሠራል አይደል? በቃ ክፈቺው!»

«ሁሉንም ቁጥሮች በየተራ መርጬ የመጣውን ስሰበስበው ሱቁ አይሞላም። ማጣሪያው የዋጣቸው ጫማዎች አሉ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፤ የእኔ እንቁላል ግን እግር ሳያወጣ ገማ!»

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። እሷ አልሳቀችም። የጠፉትን ጫማዎች ከፍታ አሳየቻቸው። ማሰሪያቸው የሚላላና የሚጠብቅ፣ እግራቸው ለሚያብጥ ሰዎች የምንሸጣቸው ክፍት ጫማዎች ናቸው። ብዙ ሰው ሱቃችንን የሚያውቀው በእነሱ ነው።

«እነዚህን የመዘገባቸው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ማሰሪያው ይለቀቃል፤ ለሁሉም እግር ስለሚሆን ቁጥሩን ባዶ ተውኩት።»

«ማጣሪያው ደግሞ ባዶውን ለማንም የማይሆን ነው ብሎ አነበበው።»

«እንግዲያው ባዶው ሁሉ ለሁሉም ይሆናል በይውና ይከፈት!»

«ባዶ የሆነው ሁሉ ለሁሉም የሚሆን ነው?»

አሠሪያችን ወደ ካርቶኖቹ ዘወር አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንዳንዱን… ካርቶኑ ላይ ቁጥሩ ተፍቆ ስላላየሁት ነው የዘለልኩት» አሉ።

«ስለዚህ መገመት አልችልም፤ መለካት አለበት። እግሯ ያበጠ እናት የማይገባላትን ጫማ እንድታዝ አላደርግም። ነገ ይከፈት ካሉ ሌላ ሰው ይክፈተው።»

ይህን ያለችው በለሆሳስ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ «እሺ» ብዬ ከፍቼው ነበር። ሰውየው ደረጃውን እያንቀጫቀጩ ወረዱ። እሷም ቻርጀሯን ነቅላ መጠቅለል ጀመረች።

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ አልችልም» አለችኝ። እኔም ካርቶኔን አስቀምጬ ሽቦውን አብሬያት ጠቀለልኩ።

ከታች የሚንኳኳ ነገር ሰማን። ከዚያ የአሠሪያችን ድምፅ ተሰማ።

«ይሄኛው ከሠላሳ ስምንት እስከ አርባ ሁለት! ኧረ ማነው የሚጽፈው? ሁላችሁም ደንቁራችኋል?»

ወርደን ስናይ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የእግር መለኪያውን ይዘው፣ ማሰሪያ እያላሉና እያጠበቁ ይለካሉ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሒሳቧን ዘግታ መጣች፤ እኔም ካርቶን ማቀበል ጀመርኩ። የባለቤቴ እህት ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ኮዷን አስተካከለች፤ የተለካው ጫማ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ልክ ይኑረው፤ ያልተለካው ደግሞ «ቁጥሩ አልታወቀም» ከሚል ምርጫ ሥር ለብቻው ይውጣ። ፍተሻውን ስታስኬደው ሁላችንም ከኋላዋ ተኮለኮልን። አረንጓዴ በራ። «እሰይ ዔሊዬ!» ብላ ጮኸች ገንዘብ ተቀባይዋ።

አሠሪያችን ሱሪያቸውን እያራገፉ ተነሡ። «ቆይ እንጂ! ደንበኛው የሌለ ቁጥር ቢጠይቅስ? ስድሳ ቢል? እሱ በሕግሽ ውስጥ አለ?»

ቀና ብላ አየቻቸው። «የለም ጋሽዬ። ጥሩ ሕግ ነው።»

«ሳይጻፍማ አይከፈትም! ነገ እንደማይከፈት ለደንበኞች እኔ እነግራቸዋለሁ።» ጥቂት ተራምደው ዞር አሉ። «ሰኞ ስትገቢ መጀመሪያ እሱን ጻፊልኝ። ደግሞ ያንን አንካሳ ወንበር ወዲያ አውጥተሽ የእኔን ውሰጂ።»