ፀሐይ የማትስማማት የስፖርት መምህርት

ሸዋረገድ አንገር ጉቲን በሚባል የሰፈራ መንደር የተወለደች የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ ናት። ልጅ ሳለች ማሽላ ላይ ወፍ እያባረረች ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ስለምትውል፣ ፀሐይ አንድ ቀን ትጎዳኛለች ብላ አስባ አታውቅም። ነቀምት መጥታ የስፖርት መምህርት ሆነች፤ ኢቢሳ የሚባል አናጺ አግብታም በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራዩ።

ሕመሙ የጀመራት ከሠርጋቸው በኋላ በመጣው መስከረም ነው። ክረምቱን ሙሉ ተሸፍኖ የከረመው ሰማይ ተገለጠና ትምህርት ተከፈተ። ሸዋረገድ ልጆቹን ሜዳ ላይ እያሯሯጠች ዋለች። ማታ ክንዷን ይበላት ጀመር። ጠዋት ስትነሳ ክንዷ፣ አንገቷና የደረቷ የላይኛው ክፍል በቀያይ ሽፍታ ተሞልቷል። ስታከው ደስ ይላል፤ ወዲያው ግን እንደ እሳት ይለበልባታል።

እናቷ በስልክ ስትሰማ፣ «ምች ነው የኔ ልጅ። ዳማከሴ አሽተሽ ተቀቢ» አለቻት። ተቀባች፤ አልተሻላትም። አንዲት ጎረቤቷ ደግሞ ጤና አዳም ጨምቃ ክንዷን አሸችላት። ሸዋረገድ እንደተቀባች ሜዳ ወጣች። በማግስቱ ሽፍታው ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ተጨመረበት።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ልጇን ልታደርስ መጥታ ክንዷን አየች። ክፉ ሴት አይደለችም። ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ፣ «መምህር፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይሄ ነገር ልጆቹን አይዝብንም?» አለቻት።

ሸዋረገድ እሷ ራሷም አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ መንካት ፈራች። ኳሱን ለተማሪዎቹ ሰጥታ ክፍል ውስጥ በመስኮት ታያቸዋለች። ልጆቹ «ቲቸር ነይ!» እያሉ ሲጠሯት እጇን ታወዛውዝላቸዋለች እንጂ አትወጣም።

ኢቢሳ ብዙ ቀን ታግሶ አያት። አንድ ጠዋት ግን አንሶላው ላይ ካከከችው ቁስል የወጣ ደም ሲያይ የሥራ መሣሪያውን አስቀመጠ።

«ዛሬ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አላት።

«ይሻለኛል እኮ።»

«እምቢ ካልሽ ተሸክሜሽ ነው የምሄደው። ሰፈሩ ይሳቅብን።»

እየሳቀች ተነሳች።

የቆዳ ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። የሸዋረገድን እጅጌ ከፍ አድርጋ ክንዷን አገላብጣ አየች፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቷን ፈታ ከሥሩ ያለውን ቆዳ አሳየቻት። ሰዓቱ የሸፈነው ቦታ ንጹሕ ነው።

«ልብስሽ የሚሸፍነው ገላሽም እንዲሁ ነው?»

«አዎ፣ ደህና ነው። ምች መስሎን ዳማከሴም ጤና አዳምም ተቀብቼ ነበር።»

«ቆዳሽ ከክረምቱ በኋላ ድንገት የምትመጣውን ፀሐይ አይችልም። ምች አይደለም፤ አለርጂ ነው። ጤና አዳም ደግሞ ተቀብተሽው ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ሁለተኛ እንዳትነኪው።»

«ልጆቹን… ልጆቹን አይዝም?»

«ማንንም አይዝም።»

ሸዋረገድ ይህን ስትሰማ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋች አለቀሰች። ሐኪሟ አላቋረጠቻትም። ሲወጣላት፣ ሌላ በሽታ እንዳይኖር ደሟ እንዲታይ አዘዘች። ውጤቱ ደህና ሆነ። ማሳከኩን የሚያስታግስ እንክብል፣ ለጥቂት ቀን የሚቀባ ቅባት፣ ሌላም የፀሐይ መከላከያ ጻፈችላት። ጥቅጥቅ ያለ ባለ ረጅም እጅጌ ልብስ እንድትለብስ፣ ሰፊ ባርኔጣም እንድታደርግ፣ ቆዳዋንም ጠዋት ጠዋት በጥቂቱ እንድታለማምደው መከረቻት።

«የስፖርት መምህርት ነኝ እኮ» አለች ሸዋረገድ።

«ታዲያ ሰዓቱን ቀይሪ እንጂ ሥራሽን ለምን ትተያለሽ?»

ትምህርት ቤቱም አልጨከነባትም፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜዎቿን ወደ ማለዳ አዛወረላት። ሸዋረገድም ያቺን እናት ራሷ ፈልጋ፣ «ሐኪም አይታኛለች፤ አይተላለፍም» አለቻት። ሴትዮዋ ደንግጣ ሁለት እጇን ያዘቻት።

ለኢቢሳ ቤተሰቦች ግን አልተናገረችም። እነሱ የሚኖሩት ቢላ በሚባል የገጠር መንደር ነው፤ አባቱ አቶ ሞረዳና እህቱ ፌኔት። በየኅዳሩ በቆሎ ሲሰበሰብ ቤተሰቡ በሙሉ እዚያ ይገናኛል። ሸዋረገድ አንዱን ዓመት ፈተና አለብኝ ብላ ቀረች፤ የሚቀጥለውን ዓመት ጉንፋን ይዞኛል አለች። ፌኔት፣ «የከተማ ሴት ሆናለች፤ በቆሎው እጇን ይወጋታል» ማለቷ ተሰማ።

«ልንገራቸው» ይላል ኢቢሳ።

«አትነግራቸውም። ከሩቅ አምጥቶ በሽተኛ አገባብን እንዲሉኝ ነው?»

በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ አቶ ሞረዳ ዓይናቸውን ሊታዩ ነቀምት መጡ፤ ልጃቸው ቤት አረፉ። ምራታቸው ቤት ውስጥም ረጅም እጅጌ ለብሳ ሲያዩ፣ አማቷን አፍራ ነው ብለው በልባቸው አመሰገኗት። አንድ ቀን ምሳ ሊቀርብ ሲል እጃቸውን ልታስታጥብ ጎንበስ አለች። እጅጌዋ ሸርተት አለና ሽፍታው ታየ። ቶሎ ብላ ሳበችው።

ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«ኢንተላኮ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው።

«ምንም አይደል፣ አባ።»

«ምንም ካልሆነ ለምን ትሸፍኚዋለሽ?»

ሸዋረገድ ማስታጠቢያውን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ከመጀመሪያው ጀምራም ሁሉንም ነገረቻቸው። ሜዳውን፣ ሴትዮዋን፣ ሐኪሟን። ፎጣ የሰጣቸው ስላልነበረ እጃቸው በራሱ ደረቀ።

«በቆሎው ጊዜ የቀረሽው በዚህ ነው?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ እኮ» አሉ ሽማግሌው፣ «እኔ እኮ ምን በድለናት ይሆን እያልኩ ነበር የከረምኩት። በሠርጉ ቀን የተናገርኩት ነገር አስቀይሟት ይሆን እያልኩ።»

«እርስዎ? ኧረ አባ፣ እርስዎ ምንም አላሉኝም!»

ቀጥሎ አቶ ሞረዳ፣ «ጥላ ሥር ከሆንሽስ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጥላ ሥር ከሆንኩ ብዙም አይነካኝም።»

ሽማግሌው ምሳቸውን በሉ፤ በማግስቱም ወደ ቢላ ተመለሱ።

ኅዳር ላይ ኢቢሳና ሸዋረገድ ቢላ ሲደርሱ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ዳስ ተተክሎ አገኙ። ምሰሶው ባሕር ዛፍ ነው፤ ጣራው በበቆሎ አገዳ ተደራርቦ ተሸፍኗል። ብርሃን በቀዳዳ እንዳይገባም ሸራ ተወጥሮበታል። የሰፈሩ ሰው «ማን ሊዳር ነው?» እያለ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌው «በቆሎው ነው የሚዳረው» እያሉ ሲመልሱ ሰንብተዋል። በየዓመቱ ሜዳ ላይ ይፈለፈል የነበረው በቆሎ በሙሉ ዳሱ ሥር ተከምሯል።

ለፌኔት አባቷ ነግረዋታል። ሸዋረገድን አየቻትና ሰላም ሳትላት ቆመች።

«ለኔ እንኳን አትነግሪኝም?» አለቻት።

«ፈራሁ።»

«እኔኮ ስንት ነገር አወራሁብሽ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «በደንብ አድርጌ ነው ያማሁሽ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ሸዋረገድ። ፌኔት በኀፍረት ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን፣ ሸዋረገድ ሳቀች። ሳቋ ፌኔትንም አሳቃት።

በማግስቱ ጠዋት ሸዋረገድ የፀሐይ መከላከያዋን ስትቀባ ፌኔት መጥታ ቱቦውን ከእጇ ወሰደች። «ዙሪ፣ ከኋላሽ አልደረሰም» አለችና አንገቷን ቀባቻት። እጇ በሥራ የሻከረ ነው፤ ሽፍታው ያለበት ጋ ስትደርስ ግን በጣቷ ጫፍ ብቻ ነበር የምትነካት።

ቀኑን ሙሉ ዳሱ ሥር ሲፈለፍሉ ዋሉ። ፀሐይዋ ስትከር ሌሎቹም ከማሳው እየሮጡ እየመጡ ተጠጓቸው፤ ከሰዓት በኋላማ ቦታ ጠፋ። አቶ ሞረዳ በርጩማቸው ላይ ሆነው፣ ጥላው እየዞረ ሲሄድ «ኢንተላኮ፣ ወዲህ ጠጋ በይ» ይሏት ነበር።

ሸዋረገድ ዛሬም አልዳነችም። ሽፍታው በየመስከረሙ ይመጣል፤ አንዳንዱን ዓመት ቀለል ይላል፤ አንዳንዱን ዓመት ያስለቅሳታል። የፀሐይ መከላከያውም ከየመድኃኒት ቤቱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ሆኖም ማለዳ ማለዳ፣ ሰፊ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ከልጆቹ ጋር ሜዳው ላይ ትሮጣለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አቶ ሞረዳ ከቢላ ይደውላሉ። የሚደውሉት ለኢቢሳ አይደለም፤ ለሷ ነው።

«እዚህ ዛሬ ደመናው ተገለጠ፤ ነገ እናንተ ጋ ይደርሳል» ይሏታል። «ባርኔጣሽን አውጪ።»